ቀጠሮ የተሰጠው ተውኔት

«አይሆንም» ለማለት ድምፅ ከፍ ማድረግ እንደማያስፈልግ የተማርኩት ከእትየ የሻሽወርቅ ነው። ተማርኩ ስል ቻልኩበት ማለቴ አይደለም። ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ጠባብ የስፌት ቤቷ ሰው ጨርቅ ይዞ ይመጣል፤ ይኸን ከዚያ ጋር ቀጥይልኝ፣ ይኸን እንዲህ አጥብቢልኝ ይላል። እሷ ጨርቁን ታገላብጠዋለች። የማያስኬድ ከሆነ «አይሆንም» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም። ሰውየው ይሟገታል፣ ይለማመጣል፤ አንዳንዱም ፈረንጅ አገር ነበርኩ ብለሽ ነው ብሎ ይዘልፋታል። እሷ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ዝቅ አድርጋ መርፌዋ ላይ ክር ታስገባለች።

ፈረንጅ አገር መኖሯ እውነት ነው። በ1980 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ የሃያ ዓመት ልጅ ሳለች፣ ለጨርቃ ጨርቅ ሥልጠና ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ከተላኩት ወጣቶች አንዷ ነበረች። ብርኖ በምትባል የፋብሪካ ከተማ መፍተያ ማሽን ላይ መደቧት። አሠልጣኟ የእጇን ጥራት አይታ፣ የራሷ የአሠልጣኟ እኅት ወደምትሠራበት ቴአትር ቤት ወሰደቻት። እዚያ የልብስ ክፍል የሚባል አለ፤ ለንጉሡም ለለማኙም የሚሰፋው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው። የክፍሉ ኃላፊ ያርሚላ የምትባል ቁጡ ሴት ነበረች። የሻሽወርቅ በዕረፍት ቀኗ የልብስ ጠርዝ ልታጥፍ ገብታ፣ ወደ አገሯ እስከተመለሰችበት እስከ 1987 ዓ.ም. ከዚያ ሙያ ሳትወጣ ቀረች።

ስለዚያ ቴአትር ቤት ለእኛ ለተውኔት ክበብ ልጆች የነገረችንን ሁሉ በትክክል የያዝኩት አይመስለኝም። የምትነግረን ቁልፍ ስትተክል፣ ዚፕ ስትቀይር፣ በቁርጥራጭ ነው። መጀመሪያ የደረሰችበት ጊዜ እንዲህ ነበር፦ ተዋናዩም፣ አናጢውም፣ ልብስ ሰፊዋም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፤ ተመልካች መጣ ቀረ፣ ወር ሲሞላ ይከፈለዋል። አንድ ተውኔት ለሕዝብ ከመታየቱ በፊት ግን ኮሚቴ ይመጣል። አምስት ስድስት ሰው ባዶው አዳራሽ መሐል ተቀምጦ ያያል። ይኸ ቃል ይውጣ፣ ያ ሰውየ መጨረሻ ላይ ይጸጸት ይላል። ልብስ ላይ ሳይቀር ይገባሉ። አንድ ጊዜ ለክፉው ሚኒስትር የሰፋችው ካፖርት የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ካፖርት መስሏል ተብሎ በአንድ ቀን ሌላ እንድትሰፋ ታዘዘች። ተዋንያኑ የታዘዙትን ቃል ያወጣሉ፤ ቃሉ በነበረበት ቦታ ላይ ግን ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ይላሉ። አዳራሽ ሙሉ ሰው በዚያች ዝምታ ይስቃል። «ጎጃሜ ናቸው እኮ» አለችን።

በኅዳር 1982 ፕራግ ላይ ሰልፍ የወጡ ተማሪዎች በፖሊስ ተደበደቡ። የአገሩ ቴአትር ቤቶች አድማ መቱ። አድማው ግን በር መዝጋት አልነበረም። በሩ ተከፈተ፤ ሰው ገባ፤ መጋረጃው ተነሣ። ተዋንያኑ የተሰፋላቸውን ልብስ ትተው የየራሳቸውን ሹራብ ለብሰው ወጡ። ዛሬ ተውኔት የለም፣ ዛሬ እንነጋገር አሉ። የሻሽወርቅ ከያርሚላ ጋር ከመድረኩ ጎን ቆማ አየች። አንድ የባቡር ሠራተኛ ከተመልካቹ መሐል ተነሣና ለሃያ ዓመት አምቆ የያዘውን ተናገረ። ቀጥላ አንዲት መምህርት ተነሣች። ከዚያ ማን ያስቁመው። ወር ሳይሞላ አገዛዙ ወደቀ፤ ብዙ ሳይቆይም አንድ ተውኔት ጸሐፊ የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆነ።

እኛ ታሪኩ እዚያ ላይ የሚያልቅ መስሎን ነበር። እሷ ግን አብዝታ የምታወራው ከዚያ በኋላ ስለሆነው ነው። ኮሚቴው ቀረ። ተከልክለው በየመሳቢያው የኖሩ ተውኔቶች ወጡ። ሰው ግን ጠፋ። ቤቱ ተቀምጦ በቴሌቪዥን የፓርላማ ክርክር ያያል፤ ድንበሩ ስለተከፈተ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦስትሪያ ደርሶ ይመጣል። አደባባይ ላይ በጩኸት የሚባለውን ነገር በዝምታ ለመስማት ማን ይመጣል? ቴአትር ቤቱ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ተላለፈ፤ ቲኬቱ ተወደደ፤ ሠራተኛው ተቀነሰ። ንጉሥ ሆኖ ይጫወት የነበረው ሰው በሬዲዮ የሳሙና ማስታወቂያ ማንበብ ጀመረ። አዳራሽ የሚሞላው ከውጭ የመጣ ዘፈንና ጭፈራ ሆነ። አንድ የቢራ ነጋዴ የአንድ ተውኔት ወጪ ልሸፍን፣ በተውኔቱ ሁለተኛ ክፍል ግን ተዋንያኑ ሁሉ የኔን ቢራ ይጠጡ አለ። ጠጡ። የሻሽወርቅ ፊቷ የሚከፋው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው። ኮሚቴውን የተቋቋመ ሰው አንድ ብርጭቆ ቢራ አልተቋቋመም ትላለች።

ከተባረሩት ተዋንያን ሰባቱ ግን አርፈው አልተቀመጡም። የከተማዋ የጨርቅ ፋብሪካዎች በየተራ እየተዘጉ ነበር፤ የሻሽወርቅ የሠለጠነችበት የመፍተያ አዳራሽም ማሽኑ ተነቅሎ ባዶውን ቀርቷል። እዚያ ገቡ። መጋረጃ የለ፣ ማሞቂያ የለ። ተመልካቹ ካፖርቱን እንደለበሰ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ተዋናዩ ጉልበቱን እየታከከው ያልፋል። አርባ ሰው ከመጣ ሞላ ይባላል። ያርሚላና የሻሽወርቅ ልብሱን በነፃ ሰፉላቸው። ከሁሉ የገረማት ተውኔቱ ሲያልቅ ማንም ወደ ፊት ወጥቶ «ስለዚህ እንዲህ እናድርግ» አለማለቱ ነው። አለቀ፣ መብራት በራ፣ ሰዉ ግን ከአግዳሚው አልተነሣም። እስከ ዛሬ የያርሚላ ልጅ በቴሌግራም ቪዲዮ ትልክላታለች። እንደነሱ ያለው ቡድን በዝቷል፤ በአሮጌ ቄራ፣ በባቡር ጣቢያ፣ በሰው ሳሎን ሳይቀር ይጫወታል። በየዓመቱ ማመልከቻ ይጽፋሉ፤ አንዱን ዓመት ድጋፍ ያገኛሉ፣ አንዱን ዓመት ያጣሉ።

የክበባችን አዘጋጅ እንግዲህ ይህች ሴት ናት። ክበቡ የወጣቶች ይባላል እንጂ እኔን የመሰለ ወጣትነቱ ያለፈውም አለበት። እኔ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል የምሠራ ሰው ነኝ። የክበቡን ተውኔት የምጽፈው ሌላ የሚጽፍ ስለጠፋ ነው። በ2011 ዓ.ም. «ፍሬ ዘር» የሚባል ፕሮጀክት ስለ ሴቶች የመሬት መብት በየገበያው የሚታይ ተውኔት እንድንሠራ ከእኛ ጋር ተዋዋለ። መኪናው፣ መጋረጃው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ልብሳችንን የምናስቀምጥበት ክፍል ሁሉ የሱ ነው። አስተባባሪው ልዑልሰገድ ከሠላሳ ብዙም ያላለፈ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። ክፉ አድርጌ ብጽፈው እዋሻለሁ።

ተውኔቱ ቀላል ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት አለች። ወንድሟ በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ መሬቷን ይወስድባታል። ወንድምየውን የሚጫወተው ዳኘው ነው፤ ባጃጅ የሚነዳ የከተማ ልጅ፣ ሞፈር ጨብጦ አያውቅም። እኅትየዋን የምትጫወተው አደይ ናት፤ የነርስ ትምህርት ቤት ተማሪ። እኔ በጻፍኩት መጨረሻ ላይ ወንድምየው ይጸጸታል፣ እግሯ ላይ ይወድቃል፣ ይታረቃሉ። ከዚያ አደይ ከሏን ገፍፋ ወደ ሕዝቡ ትዞርና ስለ መሬት ይዞታ ደብተር ስድስት መስመር ምክር ትናገራለች። ስድስቱን መስመር የሰጠን ፕሮጀክቱ ነው። ጸጸቱን ግን ማንም ሳይጠይቀኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የሻሽወርቅ በልምምድ ላይ ሳለን የመጨረሻውን ገጽ ተቀበለችኝና በጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔዋ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። አይሆንም አለችኝ። ምነው ብዬ ጠየቅኳት።

«ማንኩሳ ገበያ ላይ እኅቱን የገፋ ሰው ቆሞ ቢያይ ምን ያደርጋል?» አለችኝ።

«ይጸጸታላ» አልኳት።

«ያጨበጭባል። ዳኘው ተጸጽቶለት የለ? ለሱ ምን ሥራ ቀረለት?»

ገጹ ሲወጣ ተውኔቱ የሚያልቀው አደይ «በሕግ አምላክ!» ብላ ስትጮህና ዳኘው ጀርባውን ሰጥቷት ሲሄድ ሆነ። ልዑልሰገድ ሲሰማ ደነገጠ፤ መልእክቱ የታለ፣ ሪፖርቴ ላይ ምን እጽፋለሁ አለ። በመጨረሻ ምክሩን በድምፅ ማጉያ እኔው እናገረዋለሁ ብሎ ተስማማ፤ ወይም የተስማማ መሰለን።

ማንኩሳ የደረስነው ገበያው ሲደምቅ ነው። ፀሐዩ ከባድ ስለነበር የሻሽወርቅ ከገበያው ዳር ያለውን ዋርካ መረጠች። ሥሩ ዙሪያውን የተደረደሩትን ድንጋዮች እኛ ለመቀመጫ ምቹ ናቸው ብለን አየናቸው። የማን መቀመጫ እንደሆኑ አንዳችንም አልጠየቅንም። ከተማ ያደግን ሰዎች ነንና።

ሰው ከበበን። ዳኘው የሻሽወርቅ በሰፋችለት ቁምጣና ጋቢ ወጥቶ፣ የማያውቀውን በሬ ሲነዳ ሳቁ፤ በሬው ባይኖርም የት እንደሚያርስ ገባቸው። ሁለተኛውን ትልም ሲገፋ ሳቁ ቀነሰ። ሦስተኛው ላይ ሴቶቹ ከንፈር መምጠጥ ጀመሩ። አደይ ከል ለብሳ ወጣች፣ ለመነችው፣ ሰደባት። በመጨረሻ «በሕግ አምላክ!» አለች። ዳኘው ጀርባውን ሰጥቶ ወደ መጋረጃው ሄደ።

አልደረሰም። ድንጋዮቹ ላይ ተቀምጠው ከሚዳኙት ሽማግሌዎች አንዱ፣ አያ ክንፈሚካኤል፣ ዱላቸውን አጋድመው መንገዱን ዘጉበት።

«በሕግ አምላክ ተብለህ ወዴት ነው የምትሄደው?» አሉት።

ዳኘው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። አንዲት ሴት ከኋላ፣ ይስቃል እኮ፣ የእኅቱን ትልም የዋጠ ምን ያፍራል አለች። ሽማግሌው ቀስ ብለው ተነሡና የዳኘውን ጋቢ ጫፍ ያዙ፤ የአደይን ነጠላ ጫፍ ያዙ፤ አንድ ላይ ቋጠሯቸው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ይቆራኙ እንደነበር አባቴ ነግሮኛል። በዐይኔ ሳየው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ልዑልሰገድ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ብቅ አለ። የተከበራችሁ የማንኩሳና አካባቢዋ ነዋሪዎች ብሎ ሲጀምር አያ ክንፈሚካኤል ዞረው አዩት።

«እርስዎ ጌታው፣ ምስክር ነዎት ወይስ ዋስ?»

«እኔ አስተባባሪ ነኝ፣ አባቴ። ይኸ እኮ ተውኔት ነው።»

«ተውኔት መሆኑንማ አየን፤ ዐይን አለን። መሬቷ ግን እንደተወሰደ ነው። ምስክርም ዋስም ካልሆኑ ይቀመጡልን።»

ልዑልሰገድ ተቀመጠ። የት እንደሚቀመጥ ስላላወቀ ጤፍ የሞላ ጆንያ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ባለጤፏ ገላምጣው ተነሣ።

ዳኘው ከቋጠሮው ውስጥ ሆኖ ወደ የሻሽወርቅ አየ። ተውኔቱ አልቋል፣ ልጁ ባጃጅ ነጂ ነው ይበሉልኝ የሚል አስተያየት ነበር። እኔም ጎኗ ቆሜ፣ ይብቃ፣ ንገሪያቸው እያልኩ በሹክሹክታ ለመንኳት። እሷ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከመጋረጃው ጀርባ ወጣች። ሰዉ ሁሉ አያት።

«ዋስ ይጥራ» አለች።

ዳኘው እኔ ባልጻፍኩለት ቃል፣ የሚዋሰኝ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰም። ሁለተኛ ጠየቀ። ጌሾ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ፣ አቻምየለሽ የምትባል፣ ጌሾዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተነሣች።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች።

ወንዶቹ ሳቁባት። ተበዳይ እንጂ ዋስ መቼ ሆነሽ ታውቂያለሽ አላት አንዱ።

«ወንድሜ መሬቴን አሥር ዓመት ሲያርስብኝ ዋስ ጥራ ያለው የለም» አለች። «ይኸ እንኳ ተጠርቶ ቆሟል። ዋስ እሆነዋለሁ። ግን ይምጣ።»

ሰዉ ዘወር ብሎ በቅሎ አስሮ ወደቆመ አንድ ሰው አየ። ሰውየው የበቅሎውን እርካብ ማስተካከል ያዘ። አያ ክንፈሚካኤል የዛሬ አሥራ አምስት፣ በገበያው ቀን፣ እዚሁ ብለው ቀጠሮ ሰጡና ቋጠሮውን ፈቱ።

በማግስቱ ልዑልሰገድ አንድ ወረቀት ይዞ ስፌት ቤቱ መጣ። የተሰረዘው ገጽ ይመለስ፤ ከፕሮግራም ውጭ ወደ ማንኩሳ አይኬድ፤ ይኸን ፈርሙ ነው የሚለው። ያለምክንያት አልነበረም። እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም፣ ሰውየው ዱላ ቢያነሣ የሚጠየቀው እኔ ነኝ አለ። የሻሽወርቅ እስኪጨርስ ሰማችው።

«እትየ፣ እርስዎ ፈረንጅ ዘንድ የሠሩ ሰው ነዎት። ውል ምን እንደሆነ አይጠፋዎትም» አላት። «አንዲት ገጽ ነች እኮ።»

«ቢራውም አንድ ብርጭቆ ነበር» አለችው።

የትኛው ቢራ እንደሆነ አልገባውም። ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወለሉን አየሁ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ ሲላት፣ አይሆንም አለች ብለህ ጻፍ አለችው። ከመሳቢያዋ የልብስ ክፍሉን ቁልፍ አውጥታ በእጁ ሰጠችው። ጋቢውም፣ ከሉም፣ መጋረጃውም እዚያ ተቆለፈባቸው። ግማሹን የሰፋችው በገዛ ጨርቋ ነበር።

እሷ በዚያው ሳምንት ቡሬ ሄዳ፣ አንድ እህል ነጋዴ ዘመዷን የክረምቱ እህል ወጥቶ ባዶ የሆነውን መጋዘኑን ለአንድ ቀን ለመነችው። ማንኩሳ ሲያልቅ እዚያ እንጫወታለን አለችን። ማንኩሳ እንዴት እንደሚያልቅ ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ችግሩ ዳኘው ነው። ባጃጁ ላይ የተሳፈረው ሁሉ ድንበር ገፊው ይለዋል። አንዲት ሴትዮ ማን እንደሆነ ለይታ ከግማሽ መንገድ ወርዳ በእግሯ ሄደች። የቀጠሮው ዋዜማ ስፌት ቤቱ ተሰብስበን ሳለ ምርር ብሎ ተናገረ። እኔ ተዋናይ ነኝ እንጂ ተከሳሽ አይደለሁም፤ አልሄድም አለ። አደይ፣ አንተ ብትቀር የምታፍረው ዋስህ ናት፣ ገበያ መሐል መሳቂያ ነው የምትሆነው ስትለው ሐሳቡን ቀየረ።

«እሺ፣ እሄዳለሁ። መሬቱን መልሻለሁ፣ አጥፍቻለሁ እላለሁ። እገላገላለሁ።»

«አይሆንም» አለች የሻሽወርቅ።

«ኧረ እትየ፣ ምን ይጎድልብዎታል? ሽማግሌዎቹም ደስ ይላቸዋል። ልዑልሰገድም ቁልፉን ይመልስልናል።»

«አንተ ከመለስክ ሌላ የሚመልስ የለም» አለችው። «ሁሉም ተደስቶ እቤቱ ይገባል። ሴትዮዋም ወደ ጌሾዋ።»

ዳኘው ጥሎን ወጣ። እኔ እንደሚቀር እርግጠኛ ሆንኩ። እንዲያውም በሆዴ እንዲቀር ሳልመኝ አልቀረሁም።

ጠዋት መናኸሪያው በር ላይ ከሁላችን ቀድሞ ቆሞ አገኘነው። የሰው ጋቢ ተውሶ ለብሷል፤ አጭር ስለሆነ ጉልበቱ ላይ ነው የቀረው። በሚኒባስ ሄድን። መጋረጃ የለንም፣ ድምፅ ማጉያ የለንም፤ አደይ የራሷን ጥቁር ነጠላ አንጠልጥላለች። ዋርካው ሥር የጠበቀን ሰው ካለፈው ሦስት እጥፍ ይሆናል፤ የቆመ ጋሪ ላይ ሁሉ ሰው ወጥቷል። አቻምየለሽ ዛሬ ጌሾ አልያዘችም፤ ከፊት ተቀምጣለች። ባለበቅሎው ሰውም መጥቷል። ባይመጣ ይሻለው ነበር፤ ግን ባይመጣ ደግሞ ምን ይባላል።

አያ ክንፈሚካኤል ክርክሩን ከየት እንዳቆምነው ለሕዝቡ በአጭሩ አስታወሱ። እኔ ስጽፈው ከፈጀሁት ገጽ በግማሹ፣ ከኔ አሣምረው ተናገሩት። ከዚያ ወደ ዳኘው ዞሩ።

«የእኅትህን መሬት ትመልሳለህ ወይስ አትመልስም?»

ዳኘው አጭሩን ጋቢ ወደ ታች ጎተተ። ወደ የሻሽወርቅ አላየም።

«አልመልስም» አለ።

ገበያው ተንጫጫ። አንዱ የሽንኩርት ራስ ወረወረበት፤ ትከሻውን መታው። ሌላው ዱላ ከፍ አደረገ። የሻሽወርቅ ሄዳ ከጎኑ ቆመች። ፊቱ ሆና አልከለለችውም፤ ጎኑ ብቻ። እጆቿን አጣምራ ዱላ ያነሣውን ሰው ታየው ጀመር። ዱላው ቀስ እያለ ወረደ። አያ ክንፈሚካኤል ዝም በሉ ብለው ወደ አቻምየለሽ ዞሩ።

«ዋስ የሆንሽው ሰው እምቢ ብሏል። ምን ትያለሽ?»

አቻምየለሽ ተነሥታ መቀነቷን አጠበቀች።

«ዋስ የጎደለውን ይሞላል» አለች። «የዚህ ልጅ መሬት የት እንዳለ አላውቅም። የኔ የት እንዳለ ግን አውቃለሁ። ከወንዙ በላይ፣ ከግራሩ እስከ ጥርጊያው መንገድ። ሰኞ ወረዳ ፍርድ ቤት ክስ እከፍታለሁ። የወሰኑ ድንጋይ የት እንደነበር የሚያውቅ ሰው እዚህ ሞልቷል። የሚመሰክርልኝ ይነሣ።»

ባለበቅሎው ሰው ይኸ ተውኔት ነው አልተባለም እንዴ አለ። ዙሪያውን አየ። ማንም ተውኔት ነው አላለውም፤ ማንም አይደለም አላለውም።

ለረጅም ጊዜ ማንም አልተነሣም። ያ ጊዜ ምን ያህል እንደረዘመ መጻፍ አልችልበትም። መጀመሪያ የተነሣችው ዐይኗ በደንብ የማያይ አንዲት ባልቴት ናት፤ ድንጋዩ ሲተከል ጠላ ያቀረብኩት እኔ ነኝ አለች። ቀጥሎ የአቻምየለሽ ጎረቤት ባል ተነሣ፤ ሚስቱ በክርኗ ገፍታው እንደሆነ አይቻለሁ። አያ ክንፈሚካኤል ድንጋያቸው ላይ ዱላቸውን ጨብጠው ቀሩ። ለባለበቅሎው፣ ለአቻምየለሽ ወንድም፣ አበልጁ እንደሆኑ ጎኔ የቆመ ሰው ነገረኝ። መሬት መሬቱን ሲያዩ ቆዩ። በመጨረሻ በዱላቸው ተደግፈው ተነሥተው ቆሙ። ባለበቅሎው ሰው በቅሎውን ፈትቶ ሄደ።

ክሱ ምን ላይ እንደደረሰ አጣርቼ መጻፍ ነበረብኝ። እስከማውቀው ድረስ ቀጠሮው ገና አላለቀም። የፕሮጀክቱ ውል ግን በዚያው ወር ተቋረጠ፤ ልዑልሰገድ ደብዳቤውን ሲሰጠን አዝኖ ነበር።

የዚያን ቀን ሰዉ ወደ ገበያው ሲበተን የሚያናግረን አልነበረም። አቻምየለሽን የከበቧት ሴቶች በአጠገባችን ሲያልፉ አንዷ ዳኘው እግር ሥር ምራቋን ተፍታ አለፈች። ዳኘው የተዋሰውን ጋቢ ሰብስቦ ዋርካው ሥር ቁጭ አለ። ዐይኑ ቀልቷል።

«ጠሉኝ እኮ፣ እትየ» አለ። «አንዱ እንኳ ደህና ሠራህ አላለኝም።»

የሻሽወርቅ አጠገቡ ተቀመጠች። ትከሻው ላይ የቀረውን የሽንኩርት ልጣጭ በጣቷ አነሣችለት።

«ቀና በል» አለችው። «ሐሙስ ቡሬ ነን። እዚያም አትመልስም።»